ሁለቴ የተፈታው ካምቢዮ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው መንጃ ፈቃዱን ያየ ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው እያልን እንቀልድ ነበር። መካኒክ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው ጆሮ ብሎ ነው። የታመመ መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት «አስነሳው» ይልና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዝም ይላል። ባለቤቱ ማስረዳት ከጀመረ በእጁ ምልክት ዝም ያሰኘዋል። ከዚያ «ሦስተኛው ካንዴላ ነው» ወይም «የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ አልቋል» ይላል፤ ሲፈታም እንዳለው ሆኖ ይገኛል። አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆመን ስናወራ አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ጆሮ ድምፁን ሰምቶ «ይሄ ሰውዬ ዳገቱን አይጨርሰውም» አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰውዬው በእግሩ ተመልሶ መካኒክ እያፈላለገ መጣ።

የእኔ የመለዋወጫ ሱቅ ከጋራዡ ፊት ለፊት ነበር። በጉርብትና በቆየንባቸው አሥራ ስድስት ዓመታት በቀን አሥር ጊዜ መንገዱን እንሻገር ነበር፤ እሱ ዕቃ ሊወስድ፣ እኔ ወሬ ልቃርም። ጋራዡ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ከሁለት መኪና በላይ የማይችል፣ መሐሉ ላይ ጉድጓድ ያለው ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የየመፍቻው ቅርጽ በነጭ ቀለም ተስሏል፤ አንዱ መፍቻ ከቦታው ከጠፋ ባዶው ቅርጽ ያፈጥብሃል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የእህቱ የልብስ ስፌት ቤት አለ። እሷ ማሽኗን ስትረግጥ እሱ ጋ ይሰማል፤ እሱ ሲቀጠቅጥ የእሷ መርፌ ይዘላል።

እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ሃያ፣ እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው። የዳራትም እሱ ነው። ትዳሩ አልሆን ሲላትም በጎታች መኪናው ሄዶ እሷንም የስፌት ማሽኗንም ጭኖ አመጣት። «ምን ሆንሽ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም» ትላለች። መንገዱን ሙሉ የተናገረው «ማሽኑ እንዳይነቃነቅ በደንብ ታስሯል?» የሚለውን ብቻ ነበር። ራሱ አላገባም። ለምን ሲባል «ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቼ እየዋልኩ የት ታገኘኛለች?» ይላል።

ሁለቱን ከምንም በላይ የሚያስደስታቸው ራሊ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ከከተማው ወጥቶ፣ ተራራውን ዞሮ ሐይቁ ዳር የሚደርሰው የአስፋልት መንገድ ለሁለት ቀን ለውድድር ይዘጋል። ውድድሩ በስምንት ምዕራፍ የተከፈለ ነው። በየምዕራፉ መኪኖቹ በደቂቃ ልዩነት አንድ አንድ እየተለቀቁ ይሮጣሉ፤ የሁሉም ምዕራፍ ሰዓት ተደምሮ ያነሰው ያሸንፋል። ከአንዱ ምዕራፍ መጨረሻ እስከ ቀጣዩ መቆጣጠሪያ ያለውን መንገድም መኪናው በራሱ ጉልበት መድረስ አለበት፤ ተጎትቶ የደረሰ ከውድድሩ ይወጣል። ጆሮ ለዚህ የሚነዳት መኪና ባለ ሁለት በር፣ ከገደል የወጣች ቁርጥራጭ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሠራት። ሰማያዊ ቀለሟ ሚኒባስ ተቀብቶ የተረፈ ነው።

እህቱ በቀኝ በኩል አጠገቡ ተቀምጣ መንገዱን ታነብለታለች። አስቀድመው በዝግታ እየሄዱ የጻፉት ደብተር አላቸው። «ቀኝ ሦስት፣ ይጠባል። መቶ ሜትር። ግራ አምስት» ትላለች፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኩርባው እንደ ክርን የታጠፈ ነው፣ ሲበዛ ለጥ ያለ። እሱ ዓይኑ ገና ያላየውን ኩርባ ከእሷ አፍ ተቀብሎ ይገባበታል። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ጊዜ ተወዳድረዋል። ትልቁ ውጤታቸው ሰባተኛ ነው። ሰባተኛ የወጡ ዕለት እሷ እንደ ሕፃን ስትዘል እሱ «የኋላ ፍሬኑ ይጮሃል» ብሎ መኪናዋ ሥር ገባ።

የመጨረሻው ዓመት ነገር የጀመረው ከውድድሩ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። ለልምምድ ወጥተው ሲመለሱ ፊቱ ጠቁሯል።

«ካምቢዮው አስቸገረኝ» አለኝ። «ሦስተኛ ሳስገባ ማርሹ ይስታል።»

እሱ ካለ አለ ነው፤ ማን ይከራከረዋል? ካምቢዮውን አወረደው፣ ፈታው፣ ማርሽ ከማርሽ የሚያገናኙትን ቀለበቶች ከእኔ ወስዶ ቀየራቸው። ወር አልሞላውም፣ ደግሞ መጣ። አሁንም ይስታል። እንደገና ፈታው። በዚህኛው ጊዜ የወጡትን ቀለበቶች ከጨርቁ ላይ አንስቼ በጣቴ ዳበስኳቸው። ጥርሳቸው እንደ አዲስ ነው።

«ይሄ እኮ ምንም አልሆነም» አልኩት።

«አንተ ሻጭ ነህ ወይስ ሐኪም?» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ያን ሰሞን እህቱንም አንድ ነገር ጠይቋት ነበር። «የቱታዬ ቁልፍ በዘይት እየተንሸራተተ አስቸገረኝ፤ ሁሉንም አውጪና ዚፕ አድርጊልኝ» አላት። አወጣችና ዚፕ አደረገችለት። ማን ምን ይጠረጥራል?

ውድድሩ ደረሰ። እኔና አንድ በያጅ ጓደኛችን እንደ ሁልጊዜው በአሮጌ ቫን መፍቻና መለዋወጫ ጭነን ተከተልናቸው። መኪኖቹ ሠላሳ ስድስት ነበሩ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አሥራ አራተኛ ሆነው ጨረሱ። በሁለተኛው ከአንድ ኩርባ ሲወጡ ማርሹ ሳተ፤ ሞተሩ ባዶውን እየጮኸ ሰከንዶች ነጎዱ። በሦስተኛው ደግሞ ሊጨርሱ አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ እህቱ ናት።

ጥግ ይዘው ቆሙ። የራዲያተሩ የላይኛው የጎማ ቱቦ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። ይሄ ለጆሮ ሥራ አይባልም፤ የተሰነጠቀውን ቆርጦ ቱቦውን ሳብ አድርጎ መልሶ ማሰር ነው። ቢላዋውን አውጥቶ ቆረጠ፤ ሲቆርጥ ግን ቢላዋውን በሁለት እጁ ነበር የያዘው። ከዚያ ካቻቢቴውን ይዞ የማሰሪያውን ብሎን ሊያጠብቅ ሲል ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ። አነሳው። ደግሞ ወደቀ።

«ይፋጃል፤ አንቺ እሰሪው» አላት።

እጇን ሰደደች። ብሎኑ ይሞቃል እንጂ አይፋጅም። አሰረችው።

ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንድ ሽማግሌ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዘው ወረዱላቸው።

«ሙሽራ ልታመጡ ነው?» አሏቸው፣ መኪናዋ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እያዩ።

«አይ አባቴ፣ እሽቅድምድም ነው» አለች እህቱ።

ሽማግሌው ሌላ መኪና እያፏጨ ሲያልፍ በዓይናቸው ሸኙትና «ታዲያ እናንተ ምነው ቆማችሁ?» አሉ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮ በዚህ ወር ሙሉ ይስቅ ነበር። የዚያን ዕለት ውሃውን ሞልታ ኮፈኑን የዘጋችው እሷ ናት፤ እሱ አመስግኖ መኪናው ውስጥ ገባ።

የቀኑን የመጨረሻ ምዕራፍ ሲጨርሱ ሠላሳ አንደኛ ነበሩ። እኛ ጋ ሲደርሱ «የካምቢዮውን ዘይት ቀይሩት» ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆመ። እሱ ቆሞ ሲያዝ አይቼው አላውቅም። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ያረፍንበት ሆቴል ሐይቁ ዳር ነው። ወንድምና እህቱ ሁለት አልጋ ባለው አንድ ክፍል ነበሩ። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐዩ በመስኮቱ እየገባ ነበር። እሱ ታጥቦ ሲወጣ እሷ ከሻንጣው ሸሚዝ አውጥታ አቀበለችው። ራሷ የሰፋችለት ሸሚዝ ነው።

«ልበስና እራት እንውረድ፣ ጋሼ» አለችው።

እጅጌዎቹን አጠለቀ፤ ደረቱ ግን ክፍት ነው።

«ቆልፈዋ» አለችው።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የላይኛውን ቁልፍ በሁለት ጣቱ ያዘ። አመለጠው። እንደገና ያዘ። ቁልፉ ቀዳዳው አጠገብ ይደርስና ይንሸራተታል። እሷ ክንዶቿን አጣጥፋ ቆማ ታየዋለች። ግንባሩ ላይ ላብ መጣበት። በመጨረሻ እጆቹን ጭኑ ላይ አወረዳቸው።

«ዋሸኸኝ» አለችው። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ይሄ ነው።

«አዎ» አላት።

ከሰባት ወር በፊት ማንንም ሳያስከትል ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ሐኪሙ ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች እየሞቱ ነው ብሎታል። መጀመሪያ ቀኝ እጁ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ እግሩ፣ ከዚያ መናገርና መዋጥ። መድኃኒት የለውም። ይህን ሁሉ ልክ የሰው መኪና ምን እንደሆነ እንደሚያስረዳ አድርጎ ነገራት።

«ካምቢዮውስ?» አለችው።

«ካምቢዮው ምንም የለው። የምስተው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ሁለቴ ፈታኸው?»

«ሐኪሙ ቢሳሳትስ ብዬ ነው» አላት። «የተሰበረ ነገር አገኝ ይሆናል ብዬ። ካምቢዮው ቢሆንማ እሠራው ነበር።»

እግሩ ሥር ተንበርክካ ሸሚዙን ከታች ጀምራ ወደ ላይ ቆለፈችለት። አንገቱ ጋ ስትደርስ እንባዋ መጣ፤ ፊቷን ደረቱ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱ እጁን አንስቶ ራሷ ላይ አኖረው። እጁ ቀሎኝ ነበር ትላለች፤ ዱሮ እንደዚያ አልነበረም።

እራት አልወረዱም። ትንሽ ስትረጋጋ «ጠዋት ወደ ቤታችን እንመለሳለን» አለችው።

«የቀረው አራት ምዕራፍ ነው፣ እታለሜ።»

«በዚህ እጅህ ልትገድለን ነው?»

«መሪውን በሁለት እጄ ከያዝኩ ደህና ነኝ። የምስተው ለማርሽ ብዬ ስለቀው ነው።» ይህን ሲል ልመና አልነበረበትም ትላለች፤ ጉዳቱን መርምሮ እንደሚናገር መካኒክ ነበር የተናገረው።

ሐኪሙ የነገረውን አሰበች፤ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር እንደሌለ ገባት።

«እሺ» አለች። «መሪውን አትለቅም። ማርሹን እኔ አስገባለሁ።»

«ደብተሩስ?»

«ደብተሩ ጭኔ ላይ ነው። ግራ እጄ ሥራ ፈት ነው።»

«መቼ ላስገባ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ ታዲያ?»

«አሥራ አንድ ዓመት አጠገብህ ተቀምጫለሁ። በየትኛው ኩርባ ምን እንደምታስገባ ከአንተ የተሻለ አውቃለሁ። አንተ ፍሪሲዮኑን ብቻ ርገጥ።»

ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ሰማያዊዋ መኪና በሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቀስ እያለች ትዞራለች። ትነሳለች፣ ትቆማለች፣ ትነሳለች። መስኮቱ ጋ ሄጄ ምን እየሆናችሁ ነው አልኳቸው። እህቱ ነገረችኝ። ሁለቴ የሸጥኩለት ቀለበት ትዝ አለኝ። በሩን ይዤ ቀረሁ።

«ፊትህን አስተካክል» አለኝ ጆሮ። «ገና አልሞትኩም። ይልቅ የራዲያተሩን ማሰሪያ እየው፤ ያሰረችው ልብስ ሰፊ ናት።»

አምስተኛውን ምዕራፍ አንድ ኩርባ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ከማየቴ በፊት ሰማኋቸው፤ ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ ብረቱ ያንቋርራል። በዚያ ሰው እጅ ካምቢዮ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። በያጁ ፊቱን አዞረ። ጆሮ ይህን ድምፅ ከሁላችንም ይልቅ አጥርቶ እየሰማ፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ዝም ብሎ እንደነዳ እሷ ነግራኛለች። በስድስተኛው ድምፁ ቀነሰ። በሰባተኛው እፊቴ ሲያልፉ አንድም ጊዜ አልተፋጨም፤ ሦስት መኪኖችን ቀድመው ሃያ ስምንተኛ ሆኑ። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ስንገናኝ እህቱ ግራ መዳፏ ተላልጦ ነበር፤ በጨርቅ አሰርኩላት። እሱ የታሰረውን የእሷን እጅ እያየ «ጥሩ ነው» አለ። ከእሱ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ስምንተኛው ምዕራፍ ረጅሙ ነው፤ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው ዳገት። የጠዋቱ መፋጨት ዋጋውን የጠየቀው እዚያ ላይ ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር ሲቀር እጀታውን ብትስብ ብትገፋ አልነቃነቅ አላት። መኪናዋ አራተኛ ማርሽ ላይ ተነክሳ ቀረች።

«እምቢ አለችኝ፣ ጋሼ» አለችው።

«ተያት። አንብቢልኝ» አላት።

በአራተኛ ማርሽ ያን ዳገት መውጣት ማለት በየጠባቡ ኩርባ ፍሪሲዮኑን በግማሽ እየረገጡ ሞተሩን እያስጮኹ መጎተት ነው። ፍሪሲዮኑ እየተቃጠለ ሽታው መኪናውን ሞላው። እሷ ታነባለች፣ እሱ በግራ እግሩ መኪናዋን ይለማመጣታል። ምዕራፉን ጨረሱ። የመጨረሻው መቆጣጠሪያ ግን ከዚያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ ከተማው ውስጥ ነው። ሁለቱን ኪሎ ሜትር እንደ ምንም ሄዱ። ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ቆመች።

እኔና በያጁ ስንደርስ እህቱ የመንገዱን ዳር የብረት አጥር ተደግፋ ቆማለች። እሱ ቦታው ላይ ነው፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ። በሩን ከፈትኩለት።

«ፍሪሲዮኑ አልቋል» አለኝ። «ማርሹም አራተኛ ላይ ተነክሷል።» ቀጥሎ «አሁን እውነትም ካምቢዮው ተበላሸ» አለና ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ዓመት ሆኖኝ ነበር ካየሁት። ሳቁን ግን እንደጀመረው አልጨረሰውም፤ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። እህቱ መጥታ በላዬ ላይ ጎንበስ ብላ የወንበሩን ቀበቶ ፈታችለት።

አንድ የውድድሩ ሰው በሞተር ሳይክል ደረሰ። ትሑት ሰው ነበር። «ጎታች ልጥራላችሁ? ከጎተትናችሁ ግን ከውጤቱ ትወጣላችሁ፤ ሰዓት አላችሁ፣ እንሞክር ካላችሁም እጠብቃለሁ» አለ። እህቱ ወንድሟን አየችው።

«ጥራልን» አለ ጆሮ።

ካምቢዮው ለሦስተኛ ጊዜ ተፈታ። የፈታነው እኔና እህቱ ነን። ጆሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ያን ብሎን አይደለም፣ ከሱ በላይ ያለውን» እያለ መራን። እኔ ዕድሜ ልኬን ዕቃ ሸጬ እጄ ዘይት ያልነካው ሰው ነኝ፤ እሱ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰውን አምስት ቀን ፈጀንበት። አንድም ቀን አልተቆጣንም። ማርሹን የሚገፋው ሹካ መሰል ብረት ተጣምሞ አገኘነው። በያጁ አቀናው። ገጥመን ስንጨርስ ጆሮ እጀታውን በክንዱ እየገፋ ማርሾቹን አንድ በአንድ ሞከራቸውና «ደህና ነው» አለ። የሠራው የመጨረሻ ሥራ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቶሎ ቶሎ ሄደ። በሁለት ወሩ ብርጭቆ መያዝ ተሳነው። ጋራዡ ተዘጋ። እህቱ በጋራዡና በስፌት ቤቷ መሐል ያለውን ግድግዳ አስፈርሳ በር አስወጣችበት፤ እየሰፋች እንድታየው አልጋውን ማሽኗ አጠገብ አደረገች። ደንበኞቿ ልብስ ሲለኩ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዲያዞሩለት ይጠይቅ ነበር፤ መናገር ሲያቅተው ደግሞ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። እኔ በየቀኑ ሱቄን ስዘጋ እሄዳለሁ። ማንኪያ መያዝ ለመድኩ። ከሆዴ የማይወጣው፣ አንድ ቀን ሳጎርሰው ትን ብሎት ትንፋሹ ሲመለስለት በዓይኑ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ መሆኑ ነው።

ከራሊው በኋላ በዓመት ከግማሹ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሞተ። እህቱ የአንዲት ሴት ቀሚስ እየለካች ነበር። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መንገዱን ተሻግራ መጣችና ደጃፌ ላይ ቆመች። ሱቁን ሳልዘጋ ተከተልኳት።

መኪናዋን አንድ የሌላ ከተማ ፋርማሲስት ገዛት። መልካም ሰው ነው፤ መንገዱን እንድታነብለት ለመናት። አይሆንም አለችው። ደብተሮቹን ግን ሰጠችው። የዚያን ዓመት ራሊ እኔም አልሄድኩም።

አሁን ሱቄን ለልጄ ትቻለሁ፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ እሷ ጋ ጎራ እላለሁ። ባለፈው ራሊው አይናፍቅሽም ወይ አልኳት። ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳታወጣ እግሯን ከማሽኑ አነሳች።

«መንገዱስ አይናፍቀኝም» አለች። «አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ሲነዳ ፊቱ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ዓይኔ ሁልጊዜ ደብተሩ ላይ ነበር። እናንተ መንገድ ዳር የቆማችሁት ሁሉ አይታችሁታል፤ እኔ አላየሁትም።»

ምን ይመስል እንደነበር ልነግራት ሞከርኩ። ጥርሱን ይነክሳል፣ ግንባሩ ይቋጠራል አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም በደንብ አላስታውስም፤ በፊቴ የሚያልፉት ለአንድ አፍታ ነበር። እሷ ግን እያንዳንዷን ቃል እየተቀበለች ሰማችኝ። በዚህ መሐል አንድ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ገባ፤ ተነስታ ሜትሯን አነሳች።